የሽፈራው ፎቶ

ጂንካ ውስጥ ስሙን የማያውቀው ቅጠል ያጋጠመው ሰው መጀመሪያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል፤ ቀጥሎ ለጤናዬ ዳርጌ ይልካል። ገበሬው በበቆሎው መሐል የበቀለበትን አረም ይልካል። የቤት እመቤቷ ገበያ ላይ ጎመን ነው ተብሎ የተሸጠላትን ትልካለች። መዘምራኑ የሠርግ አዳራሽ ሊያስጌጡበት የቆረጡት ሐረግ እጃቸውን ሲያሳክካቸው ይልካሉ። አንድ ቀልደኛ መምህርማ የጎረቤቱን ጺም አቅርቦ አንስቶ «ይህ ምን ዓይነት አረም ነው?» ብሎ ቢልክላት፣ «መድኃኒቱ ምላጭ ነው» ብላ መለሰችለትና ከተማው ሲስቅ ከረመ።

ጤናዬ ደርግ በወደቀበት ዓመት ከጂንካ በላይ ባለው የአሪ ደጋ ተወለደች። አባቷ አቶ ዳርጌ እንሰትና ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ተካይ ነበሩ፤ የእያንዳንዱን የእንሰት ዘር ስም ከነጠባዩ ይጠራሉ። ልጅ «አባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ሲላቸው ሳይመልሱ አያልፉም። ያላወቁት ሣር ሲገጥማቸው እንኳ «አላውቅም» ከማለት እዚያው ስም ቢያወጡለት ይቀላቸው ነበር። ጎረቤት ይህን ስለሚያውቅ ስሙ የጠፋውን ሁሉ «የዳርጌ ሣር» እያለ ይቀልድባቸዋል። ጤናዬ ያንን ጠባይ ወርሳለች። ልዩነቱ እሷ ኮሌጅ ገብታ ስለ ዕፅዋት ተምራ ዲፕሎማ መያዟ ነው፤ ስለዚህ በእሷ ማንም አይቀልድም። ይህ ለሰው ጥሩ ነገር አይደለም። የሚቀልድበት የሌለው ሰው ራሱን ማመን ያበዛል።

ሥራ የያዘችው እዚያው ጂንካ በግብርና ነው፤ ግማሹን ቀን ችግኝ ጣቢያ፣ ግማሹን ቀን ቢሮ። ቅንጨ የሚሉት አረም መንገድ ለመንገድ ወርዶ ግጦሹ ውስጥ ሲገባ፣ የየቀበሌው ልማት ሠራተኛ አረሙን ባየ ቁጥር ፎቶ እንዲልክ ታዘዘ። ፎቶውን አይታ «ነው» ወይም «አይደለም» የምትለው ጤናዬ ሆነች። መጀመሪያ ፎቶ የሚመጣው በፍላሽ ነበር፤ ከታች ከኬንያ ድንበር አጠገብ፣ ከኦሞራቴ የተነሳው ፍላሽ ጂንካ እስኪደርስ አረሙ አብቦ ዘሩን በትኖ ይጨርስ ነበር። በኋላ የሁሉም ሰው ስልክ ካሜራ አወጣና ጎርፉ መጣ። ጤናዬም «ቅጠል በፎቶ» የሚል የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች። ያወቀችውን ራሷ ትመልሳለች፤ የተጠራጠረችውን ወደ ግሩፑ ታስተላልፋለች።

ስትመልስ ፈጣን ነበረች። ምሳዋን እየበላች በግራ እጇ ትመልሳለች፤ ባጃጅ ውስጥ ሆና ትመልሳለች፤ አንዴ በስብከት መሐል ስትመልስ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አይተዋት አፍራለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷ ግን ያፈሰሰችውን መልቀም አልቻለችም። በአንድ ከሰዓት ሁለት ፎቶ ተከታትሎ መጣ፤ አንዱ ትጊ የምትባል ሴት ለፍየሏ ያጨደችው ቅጠል፣ ሌላው አንድ ገበሬ ከባቄላው መሐል የነቀለው። ጤናዬ ባለቤቶቹን አቀያይራ መለሰች። ለገበሬው የተባለው «ምንም አይልም፣ መኖ ይሆናል» ለትጊ ደረሳት፤ ፍየሏም ሞተች። ትጊ አልከሰሰችም፣ አልተጣላችም። ገበያ ላይ ጤናዬን ስታይ ግን መንገድ ትቀይራለች።

ከዚያ በኋላ ጤናዬ አንድ ዘዴ ያዘች። ወደ ግሩፑ በምታስተላልፈው በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የላኪውን ስም ትጽፋለች። «የአብነት ፎቶ»። «የመምህሩ ፎቶ»። ፎቶና ባለቤቱ እንዳይጠፋፉ ነው። ነባሮቹ ልማዷን ስለሚያውቁ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መጻፉንም ተወችው፤ ስም ተጽፎበት ከመጣ ጥያቄ መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል። ጥሩ ዘዴ ነበር። ሽፈራው የሚባል ሰው ፎቶ እስኪልክላት ድረስ ማንንም አልጎዳም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። ሽፈራው ሺህ ሰው ይፈራው ተብሎ የሚወጣ ስም ነው፤ ይህኛውን ሽፈራው ግን ዶሮ እንኳ አይፈራውም። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ከኦሞራቴ ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር ላለ አንድ የግል እርሻ ዱቄትና ናፍጣ ያመላልሳል። ችግሩ አማርኛ ይህንኑ ስም ለዛፍም መስጠቱ ነው። ሽፈራው የሚባለውን ዛፍ የማያውቅ የለም፤ ቅጠሉ ተቀቅሎ ይበላል፤ በጋሞና በኮንሶ ቆላ ያለ እሱ ገበታ አይቀርብም። የጋሞ ሰው በራሱ ቋንቋ ሃለኮ ይለዋል።

እርሻው ላይ የሚውሉት አብዛኞቹ ከዚያው ከጋሞ፣ ከኮንሶና ከወላይታ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ምግብ የምትሠራላቸው አየለች ትባላለች፤ ባሏ ሲሞት ልጆቿን እናቷ ዘንድ ትታ የመጣች የጋሞ ሴት። ከጤናዬ ጋር የተዋወቁት ጂንካ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው። ከዚያ ወዲህ አየለች በሽፈራው መኪና የደረቀ ዓሣ ትልክላታለች፤ ጤናዬ የጎመን ዘር ትመልስላታለች። በድርቁ ዓመት ግን ዘሩም አልበቀለም። ሠራተኛው በቆሎ ገንፎ በጨው ሲበላ ከረመ፤ የአንዳንዱ ድድ መድማት ጀመረ፤ አየለች ድስቱን ስታወጣ የሰውን ዓይን ማየት ከበዳት።

አንድ ቀን ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ቅጠሉ ሃለኮ የሚመስል ለጋ ዛፍ አየች። መስሏታል፤ ነገር ግን አገሩ አገሯ አይደለም። አገሩን የሚያውቁት ዳሰነቾች ደግሞ በዚያ ሰሞን ከብታቸውን ይዘው ሣር ፍለጋ ርቀው ነበር። አየለች ሽፈራውን ጠራችና «ለጤናዬ አሳይልኝ። ሃለኮ ነው ካለች እቀቅለዋለሁ» አለችው። ሽፈራው ቅርንጫፉን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ፎቶ አነሳው፤ በማግሥቱ ማለዳ ወደ ጂንካ ሲወጣም ኔትወርክ ያለበት ሲደርስ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ላከላት።

ፎቶው ሲደርሳት ጤናዬ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ነበረች። አየችው፤ ይመስላል። ግን የሽፈራው አውራ ጣት የቅጠሉን ጫፍ ሸፍኖታል። የሽፈራው ዛፍ ቅጠል ጥንድ ጥንድ እያለ ይሄድና ጫፉ ላይ ብቻዋን በቆመች አንዲት ቅጠል ያልቃል፤ እሷ ካልታየች «ነው» ማለት ድፍረት ነው። ጤናዬ በዚያን ቀን አልቸኮለችም፤ ይህን ማንም ሊመሰክርላት ይገባል። ጫፉ እንዲታይ ሌላ ፎቶ ልታስነሳው ለሽፈራው ደወለች፤ መንገድ ላይ ነበርና አልተገኘም። እስከዚያው ሌሎቹ ይዩት ብላ ወደ ግሩፑ አስተላለፈችው፤ እንደ ልማዷም ከሥሩ «የሽፈራው ፎቶ» ብላ ጻፈች። ስልኳን ኪሷ ከትታ ወደ ችግኞቿ ተመለሰች።

ረፋዱ ላይ እጇን ታጥባ ስልኳን ስታወጣ ከፎቶው ሥር ሁለት መልእክት ተሰቅሏል። የመጀመሪያው የአንድ ጡረተኛ ነው። «ሽፈራውማ መድኃኒት ነው፤ ለደም ግፊትም ለስኳርም አንደኛ» ይላል። ሁለተኛው የኤልያስ ነው። ኤልያስ የእርሻው ስቶር ኪፐር ሲሆን ወደ ግሩፑ ከገባ ገና ቅርቡ ነው፤ ልማዷን አያውቅም። «እናመሰግናለን ጤናዬ። ለአየለች አሳይቻታለሁ፣ ለምሳ ጥዳዋለች። ጌታ ይባርክሽ» ይላል።

ጤናዬ አነበበችው። ከፍ ብላ ራሷ የጻፈችውን አየች። የሽፈራው ፎቶ። ያነበበው ሁሉ «የሽፈራው ዛፍ ፎቶ» ብሎ ነው ያነበበው፤ ሌላ ምን ብሎ ያንብበው። ችግኝ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ሠራተኛ ዛሬ ምሳ የሚበላው እሷ «ነው» አለች የተባለውን፣ እሷ ግን ያላለችውን ነገር ነው።

ኤልያስ ጋ ደወለች፤ ዝግ ነው። ደገመች፤ ዝግ ነው። «እንዳትበሉ» ብላ ጻፈችለት፤ አልደረሰም። እስኪረጋገጥ ድረስ «አይደለም» ብሎ ማስጣሉ ይሻላል ብላ ቆርጣለች። ሽፈራው ጋ ስትደውል በዚህ ጊዜ አነሳው፤ ጂንካ ገብቶ ጎሚስታ ቤት ጎማ እያስለጠፈ ነበር።

«ጤንዬ፣ እንዴት አደርሽ።»

«ያ ቅጠል ሽፈራው አይደለም።»

«ይሁና። ሽፈራው እኔ ነኝ» አለ እየሳቀ።

«እየቀለድኩ አይደለም ሽፈራው። አየለች እየቀቀለችው ነው።»

የሽፈራው ሳቅ ተቋረጠ። «ማን ነው ብሎ ነግሯት? ጤናዬን ሳትጠይቂ እንዳትነኪው ብያት ነበር እኮ።»

«እኔ ነኝ» አለች ጤናዬ፤ ከዚያ በላይ ማስረዳት አልቻለችም።

እርሻው ላይ ኔትወርክ የሚይዘው ከውኃ ፓምፑ አጠገብ ባለው የአፈር ክምር አናት ላይ ብቻ መሆኑን ሽፈራው ነገራት። ኤልያስ ከምሳ በፊት ለአለቆቹ ሪፖርት ለማድረግ እንደገና እዚያ ይወጣል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አይወጣም። ጤናዬ ባጃጅ ይዛ ጎሚስታ ቤቱ እስክትደርስ፣ ሁለቱም በየስልካቸው ሲደውሉ፣ ፀሐይዋ ወደ አናት እየቀረበች ነበር። ሽፈራው ጎማውን በሚያጠብቁት ላይ ይጮህባቸዋል፤ ጮሆ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ልጆቹ ደንግጠው ያዩታል። 

በመጨረሻ ስልኳ ራሱ ጠራ። ኤልያስ ነው።

«ደውለሽ ነበር መሰለኝ ጤናዬ።»

«ኤልያስ፣ በደንብ ስማኝ። ሽፈራው አይደለም።»

«ምኑ?»

«ፎቶው። ፎቶው ላይ ያለው ሽፈራው አይደለም።»

«ፎቶው ላይማ ሰው የለም፣ ቅጠል ብቻ ነው። ያነሳው ግን ራሱ ሽፈራው ነው፤ ፊቴ ነው ያነሳው።»

«እኮ። ሽፈራው ብዬ የጻፍኩት ሾፌሩን ነው።»

«ሾፌሩማ እናንተ ጋ ጂንካ ነው። ምነው? ተጋጨ እንዴ?»

ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ። ጤናዬ «ሽፈራውን እንዳትበሉ» አለች። ኤልያስ «አይሰማም፣ ሽፈራው ምን በላ?» አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ከተማ የሚያስቅ ወሬ ነበር። ሽፈራው አጠገቧ ቆሞ የራሱን ስም በሰማ ቁጥር ላቡን ይጠርጋል።

ጤናዬ ነገሩን በአማርኛ ልታስረዳ ብትቀጥል ስሙ እንደገና እንደሚጠልፋት ገባት። ማስረዳቱን ተወችና «አየለችን ጥራልኝ። ሩጥ» አለች። መስመሩ ተቋረጠ። ሩጥ ያለችውን ይስማ አይስማ አላወቀችም። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች፤ ሽፈራውም ከጎኗ ቆሞ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየ ነው። መልሶ ሲጠራ በዚያኛው ጫፍ ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽ ተሰማ።

«አየለች፣ እኔ ነኝ። ሃለኮ አይደለም።»

መስመሩ እንደገና ተንኮሻኮሸ።

«ሰማሽኝ? ሃለኮ አይደለም።»

«ሰማሁ» አለች አየለች። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ነው ያልሽው?»

«አላልኩም። በኋላ እነግርሻለሁ። በልተዋል?»

«አልበሉም። ገና ላወጣላቸው ስል ነው ኤልያስ የጠራኝ።»

ጤናዬ አለመብላታቸውን ለሽፈራው በጭንቅላቷ ምልክት ሰጠችው፤ እሱም ጎማው ላይ ቁጭ አለ። «ድፊው። ከብትም ውሻም የማይደርስበት ቦታ ቅበሪው።»

«እሺ፣ እደፋዋለሁ።» አየለች ቀስ ብላ ጨመረች። «እኔ ግን ጨው ቀምሻለሁ።»

ድስት የጣደ ሰው ጨው ይቀምሳል፤ ይህን ለማሰብ የዕፅዋት ትምህርት አያስፈልግም። ጤናዬ ግን የሠራተኛውን ቁጥር ስታስብ ድስቱ አጠገብ የቆመችውን ሴት ረስታት ነበር። ምን ያህል እንደቀመሰች ጠየቀቻት፤ አየለችም «እንጃ፣ እንደ ሰው ቀመስኩ» አለች። አፏን እያቃጠላት እንደሆነም ነገረቻት። ጤናዬ አንድ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ ቆርጣ እንድትይዝና ኤልያስ በሞተር አሁኑኑ ኦሞራቴ ጤና ጣቢያ እንዲያደርሳት ነገረቻት። ከዚያ አይሱዙው ላይ ወጣች። ሽፈራው ሊጭነው የመጣውን ዱቄት ሳይጭን ባዶውን ነዳው።

ቁልቁለቱን፣ የቀይ አፈርንና የዲመካን ከተሞች አለፉ። ኔትወርክ ባለበት ሁሉ የጤናዬ ስልክ ይንጫጫል። ነገሩ በግሩፑ ተሰምቶ ሰው ሁሉ የቅጠሉን ስም እየላከ ነው። አንዱ በአማርኛ ይላል፣ አንዱ በሐመርኛ፣ አንዱ በላቲን፤ አንዳቸውም ካንዳቸው አይገጥሙም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ስልክ የያዘማ ጭራሽ። ኮሌጅ ያስተማሯት መምህር ሳይቀሩ አንድ ስም ጽፈው «እርግጠኛ ነኝ» ብለዋል። መምህሩ በቀላሉ እርግጠኛ ነኝ የሚሉ ሰው አልነበሩም። ጤናዬ ያንን ስም ይዛ ወረደች፤ ቱርሚን ካለፉ በኋላ ኔትወርኩ ሲጠፋም በአፏ ትደጋግመው ነበር። ስም ሲገኝ ነገሩ የተፈታ ይመስላል።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ አየለች አልጋ ላይ ነች። ከንፈሯ አብጧል፤ ያስመልሳታል፤ በእጇ የአልጋውን ብረት ጨምድዳ ይዛለች። ጤናዬን ስታይ ፈገግ ለማለት ሞከረች። የሚያክማት ያቤጽ የሚባል ወጣት ጤና መኮንን ነው፤ ጣቱን ከአየለች የደም ሥር ላይ ሳያነሳ ዞር አለ።

«የዕፅዋት ባለሙያዋ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ልቧ እየዘገየ ነው። ጂንካ ሆስፒታል ያለው ዶክተር መስመር ላይ አለ። ስሙን ይንገሩኝ።»

ስልኩ ድምፁ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ዶክተሩ ነገሩን አብራራላቸው። የልብ ምት የሚያፈጥን መርፌ እዚያው አለ፤ መርዙ አንዱ ዓይነት ከሆነ መርፌው ያድናታል፤ ሌላው ዓይነት ከሆነ ያው መርፌ ልቧን አስክሮ ያቆመዋል። ስለዚህ ስሙ ያስፈልጋል። መምህሩ የጻፉት ስም መርፌው ከሚያድነው ወገን ነበር።

ጤናዬ ኤልያስ ያመጣውን ቅርንጫፍ አነሳች። ጫፉ አሁን ይታያል፤ ጥንድ ሆኖ ነው የሚያልቀው። ሽፈራው እንዳልሆነ እሷ ማየት አያቅታትም። ግን ያልሆነውን ማወቅ ሌላ፣ የሆነውን ማወቅ ሌላ። ቅጠሉን አሸተተች፣ ግንዱን ሰበረች፣ ቅርፊቱን በጥፍሯ ፋቀች። መምህሩ ያሉት ዛፍ የሚለየው በአበባውና በፍሬው ነው፤ ቅርንጫፉ ላይ አበባም ፍሬም የለም። ሊሆን ይችላል። አለመሆንም ይችላል። አየለች አልጋው ላይ ሆና ታያታለች፤ በፊቷ ላይ ጥርጣሬ የሚባል የለም፤ ጤናዬ መጥታለችና ነገሩ አበቃ ብላ እንደምታስብ ያስታውቅባታል። ጤናዬ ያ እምነት አስፈራት። በሕይወቷ እንደዚያን ጊዜ ስም መጥራት የፈለገችበት ጊዜ የለም።

«ስሙን» አለ ያቤጽ።

«አላውቀውም።»

«ወረዳው ሁሉ እርስዎ ያውቃሉ ነው የሚለው።»

«አላውቀውም።»

«ወደ የትኛው ያደላሉ? ግምትዎን ይንገሩኝ እንጂ።» ወጣቱም ፈርቷል፤ የሚደገፍበት ነገር ፈልጎ ነው።

«ስሙን የሰጡኝ ሰው አለ፤ እኔ ግን ይህን ይዤ ነው ልል አልችልም። አላውቀውም» አለች ጤናዬ ጮክ ብላ፣ ዶክተሩም እንዲሰማ። ፊቷ በኀፍረት ጋለ። በሩ ላይ ሽፈራውና ኤልያስ ቆመው አንገታቸውን ደፉ።

በስልኩ ውስጥ ዶክተሩ ያቤጽን በስሙ ጠራው። ከዚያ «ካልታወቀ መርፌውን እንዳትነካው። ግሉኮሱን ቀጥል፣ ከአጠገቧ እንዳትነሳ» አለው።

ያቤጽ አልተነሳም። ጤናዬም አልተነሳችም። አየለችን ባስመለሳት ቁጥር እያቀፈቻት፣ የእጇን የደም ሥር ከያቤጽ ጋር እየተፈራረቁ እየያዙ፣ ምቱ ሲጠፋባት እየደነገጠች፣ መልሳ ስታገኘው ጌታን እያመሰገነች አነጉት። መርፌውን በመከልከሏ ገድላት እንደሆነ፣ አድናት እንደሆነ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ከወንዙ ማዶ ሰማዩ ሲቀላ አየለች ዓይኗን ከፍታ ውኃ ጠየቀች። ያቤጽ የደም ሥሯን ያዘ፤ ቆየ፤ ብርድ ልብሷን አስተካክሎላት ወጣና ደጁ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

የቅጠሉ ስም ዛሬም አልታወቀም። ፍሬ ሲያፈራ አይቶ የሚለይ ሰው ይገኝ ይሆናል። በግሩፑ ግን ጤናዬ ያን ሰሞን «የሽፈራው ፎቶ» የሚለውን አጥፍታ በረዥሙ ጻፈች፦ ሾፌሩ አቶ ሽፈራው የላከው ፎቶ ነው፣ ዛፉ ሽፈራው አይደለም፣ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ማንም እንዳይበላው። ጡረተኛው «ሽፈራውማ መድኃኒት ነው» የሚለውን ሳይሰርዙ ከሥሩ «አሜን» ብለው ጻፉ፤ ምኑን አሜን እንዳሉት እስካሁን ግልጽ አይደለም።

አየለች እርሻው ላይ መቆየት አልፈለገችም። ትንሽ እስክታገግም ጂንካ ጤናዬ ቤት ከረመች፤ በገንፎና በሾርባ በረታች፤ ወደ ጋሞ ልትመለስ ወሰነች። ጤናዬ በእነዚያ ቀናት ሁሉ ይቅርታ ለመጠየቅ አፏን ስትከፍት፣ አየለች ስለ ልጆቿ ማውራት ትጀምራለች። በመጨረሻው ማለዳ መናኸሪያ ውስጥ፣ አውቶቡሱ ሰው እስኪሞላ አየለች ቦርሳዋ ላይ ቁጭ ብላ ሳለ፣ ጤናዬ ቆም አለችና ጀመረች።

«አየለች፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ያን ስም ባልጽፍ ኖሮ…»

«ተይው አሁን።» አየለች እጇን ያዘቻት። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። እኔ ሁለት ጊዜ ነው የቀመስኩት።»

«ሁለት ጊዜ?»

«መጀመሪያ ገና አፌን ሲነካው መረረኝ፤ ተፋሁት። ሃለኮ እንዲህ አይመርም። እኔ በሃለኮ ነው ያደግኩት። ልደፋው ድስቱን አውርጄ ነበር።»

አየለች እንዳትቀጥል ጤናዬ ተመኘች፤ ግን አላቋረጠቻትም።

«ከዚያ ኤልያስን ጠራሁት። ጤናዬ ናት ያለችው? አልኩት። ራሷ ናት አለኝ፤ ስልኩን አሳየኝ፤ ስምሽ አለ። እንግዲያው የተበላሸው የእኔ ምላስ ነው አልኩ። መልሼ ጣድኩት፣ ጨው ጨመርኩ። ያኔ በደንብ ቀመስኩ፣ ዋጥኩት።»

ረዳቱ የአርባ ምንጭ ሰዎች እንዲገቡ ተጣራ። ጤናዬ እንባዋ መጣ፤ ሰው ያየኛል ብላ አልሸፈነችውም። «ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር» አለች።

«ምን ብዬ ልስደብሽ?» አለች አየለች ቦርሳዋን እያነሳች። «ያመንኩትማ እኔ ነኝ።» አቅፋ ሳመቻትና አውቶቡሱ ውስጥ ገባች።